የአቶ ደምሰውን ሴሎች ልንጠይቅ ዙሪክ የሄድን ጊዜ

የመጀመሪያ ቀን ሥራ የገባሁት የራሴን ሳሙና ይዤ ነው። ባዶ እጄን መግባት ከብዶኝ። ማዳም ኮሌት፣ የላቦራቶሪው የዕቃ ማጠቢያ ክፍል አለቃ፣ ሳሙናውን ከእጄ ተቀበለችና አሸተተችው። ፊቷ በራ። ቀጥላ አንገቷን በሁለት እጇ አንቃ ይዛ ምላሷን አወጣች፣ ሳሙናዬንም መጣያ ውስጥ ጣለችው። ፈረንሳይኛዬ ያኔ ከሰላምታ አያልፍም ነበር፤ ግን ገባኝ። እዚህ ቤት ደስ የሚል ሽታ ያለው ነገር ሁሉ ገዳይ ነው።

ይህ የሆነው ጄኔቫ ነው። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ወንድ ልጄ አገር ለቆ ሲወጣ እኔም ተከትዬው መጣሁ፤ ለዛቫንሼ በሚባለው የሕንፃ መንደር ሰባተኛ ፎቅ ላይ ከነሚስቱ አስጠጋኝ። ትምህርት ቤት ደጃፉን ረግጬ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ልጅ ታቅፌ ነው። ስለዚህ የምጽፈው እንደማወራው ነው፤ ወዲያና ወዲህ ብል ታገሡኝ። ይህንን የምጽፈው ላቦራቶሪ ውስጥ ዕቃ ለማጠብ አሁን ለምትቀጠሩት ነው። ሥራው ምን እንደሆነ የሚነግራችሁ ሰው ላይኖር ይችላል።

ሥራው እንዲህ ነው። ጠርሙሱ መጀመሪያ በቧንቧ ውሃ ይለቀለቃል። ከዚያ አንገቱ ረጅም በሆነ ብሩሽ ውስጡ ይፈተጋል። እንደገና ይለቀለቃል፤ እንደገና፤ እጅህ እስኪሰለች፤ የሳሙና ርዝራዥ በውስጡ የሚያድገውን ሴል ይገድላልና። መጨረሻ ላይ በተጣራ ውሃ ይታጠብና ተደፍቶ ይደርቃል። አፉ በፎይል ይሸፈንና ኦቶክላቭ ውስጥ ይገባል። ኦቶክላቭ ማለት በእንፋሎትና በግፊት የሚቀቅል ሰው የሚያክል የብረት ድስት ነው። ፎይሉ ላይ ቴፕ ይለጠፋል፤ ቴፑ ላይ ጥቁር መስመር ካልወጣ ጠርሙሱ አልበሰለም ማለት ነው። ጠርሙስ ሲበስል ያየሁት እዚያ ነው።

ማዕረጉ ደግሞ እንዲህ ነው። ከላይ ፕሮፌሰሩ። ከሱ በታች ዶክተሮቹ፣ ከነሱ በታች ዶክተር ሊሆኑ የሚማሩት፣ ከነሱ በታች ቴክኒሻኖቹ፣ ከሁሉ በታች እኛ አጣቢዎቹ። ከኛ በታች አይጦቹ ናቸው ይባል ነበር። ግን አይጦቹ የራሳቸው ሐኪም ነበራቸው። እኛ ተራ ይዘን ነበር የምንታከመው።

ዶክተር ኡርሱላን ያወቅኋት ጠርሙስ ሳመላልስላት ነው። የዙሪክ ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ዳቦዋን ቆማ የምትበላ። አንድ ቀን ፈረንሳይኛዬ ትንሽ ከተፈታ በኋላ ጠየቅኋት። "ይህን ሁሉ ጠርሙስ የሚጨርሰው ምንድን ነው?" አልኳት።

"የፓርኪንሰን በሽታ" አለችኝ። "ሰው እጁ የሚንቀጠቀጥበት፣ እርምጃው የሚያጥርበት።"

ከዚያ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝና አስረዳችኝ። በሰው አካል ውስጥ ባለው በእያንዳንዱ ሴል ማለት ይቻላል፣ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ ጥቃቅን ነገሮች አሉ። የምንበላውን ወደ ጉልበት የሚለውጡት እነሱ ናቸው። ያረጃሉ፣ ይበላሻሉ፤ የተበላሸው ምልክት ይደረግበትና ይጠረጋል። አንጎል ውስጥ እንቅስቃሴያችንን የሚያስተካክሉ ሴሎች አሉ፤ ጉልበት በጣም ይወዳሉ። በፓርኪንሰን ሕመምተኞች የነዚያ ሴሎች ማይቶኮንድሪያ ይደክማል። አንዳንዱ ሰው ላይ ደግሞ የተበላሸው አይጠረግም፣ እዚያው ይከማቻል፣ መርዛም ነገር ይተፋል፣ በመጨረሻ ሴሉ ይሞታል።

"ለምን አይጠረግም?" አልኳት። ይህ የኔ ሙያ ነው፣ አስቆጨኝ።

"ዙሪክን ታውቂያታለሽ?"

"ሴት ልጄ እዚያ ኦርሊኮን ሰፈር ትኖራለች።"

"እንግዲያው ከረጢቱን ታውቂዋለሽ።"

ከረጢቱንማ አውቀዋለሁ። ዙሪክ ውስጥ ቆሻሻ የሚነሣው ከተማው ራሱ በሚያሠራው ከረጢት ከታሰረ ብቻ ነው። በሌላ ፌስታል ካወጣኸው መኪናው ይመጣል፣ ያየዋል፣ ትቶት ይሄዳል። ልጄ ቤት የሄድኩ ሰሞን ይህን ሳላውቅ ፌስታል ይዤ ወርጄ፣ አንዲት አሮጊት ጎረቤት እንደ ሌባ ተከትላኝ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ወጥታለች።

"በነዚህ ሴሎች ውስጥ ከረጢቱን የሚያለብሰው ሠራተኛ ቀርቷል" አለች ኡርሱላ። "መኪናው ይመጣል። ያያል። ያልፋል።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የበሽታው ነገር ማንም ሐኪም ከሚነግረኝ በላይ ገባኝ።

አሁን ወደ አቶ ደምሰው ልምጣ። አቶ ደምሰው የአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ሾፌር ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሰርቬት በሚባል ሰፈር ከእህታቸው ከእትዬ ዘነበች ጋር የሚኖሩ ሰው ናቸው። አላገቡም፣ አልወለዱም። ቀልደኛ ነበሩ። ምርጫው ካለፈ በኋላ ግን የጄኔቫ ሐበሻ ለሁለት ተከፈለ። ከባቡር ጣቢያው በዚህ በኩል ያለው ካፌ የአንደኛው ወገን፣ በዚያ በኩል ያለው የሌላው ሆነ። አቶ ደምሰው በሁለቱም ደጃፍ ሲያልፉ ሰላም ይላሉ፤ ፈገግ ግን አይሉም። ፊታቸው እንደ ግድግዳ ሆነ። የዚህኛው ካፌ ሰዎች "ወደ እነዚያ ሄዷል" አሉ። የዚያኛው ሰዎችም "ወደ እነዚያ ሄዷል" አሉ።

ጉዳዩ ከረረና ሽማግሌ ተላከባቸው። ከአንዱ ወገን አቶ ሙላት፣ ስልክ ቤት የኖሩ፣ ወሬ ሲያወሩ እንኳ የሚጮኹ ሰው። ከሌላው ወገን ሐጂ ከድር፣ ሥጋ ቤት የነበራቸው፣ እርጋታ ያላቸው። እነዚህ ሁለቱ ከምርጫው ወዲህ በአንድ ሶፋ ሲቀመጡ የመጀመሪያቸው ነው። እኔ እትዬ ዘነበችን ላግዝ ሄጄ እዚያው ነበርኩ።

"ደምሰው፣ ምን አድርገንህ ነው?" አሉ ሐጂ ከድር።

"ምንም አላደረጋችሁኝም።"

"ይኸው! 'ምንም' ይላል፣ በዚህ ፊት!" ብለው ጮኹ አቶ ሙላት። "ውስጡ ቆስሏል ማለት ነው።"

"አልተቀየምኩም አልኳችሁ እኮ።"

"እንግዲያው ሳቅ እስቲ።"

"እየሳቅሁ ነው" አሉ አቶ ደምሰው።

አየናቸው። ግድግዳ። እትዬ ዘነበች ማልቀስ ጀመሩ።

አቶ ሙላት ከዚህ በላይ አልቻሉም፤ ብድግ ብለው የአቶ ደምሰውን ጉልበት ያዙ። "እሺ፣ ያኔ መኪናህን ከኋላ የጫርኳት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ" አሉ። ሐጂ ከድርም ጉሮሯቸውን ጠረጉና "ሰላይ ነው የሚለውን ወሬ ያስጀመርኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም። አውፍ በለኝ" አሉ።

"አንተ ነህ?" አሉ አቶ ደምሰው አንዱን እያዩ። "አንተስ?" አሉ ወደ ሌላው ዞረው። ሁለቱንም ነገር እስከዚያች ሰዓት አልሰሙም ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ያልተቀየሙት ሰው፣ እነሱ ሲወጡ ተቀይመው ቀሩ።

ከወራት በኋላ እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሐኪም አያቸው። ፓርኪንሰን ነው አለ። ፊታቸው የማይንቀሳቀሰውም በሱ ነው፤ የፊት ጡንቻ ታዞ እንደሚገባው አይነቃነቅም። እትዬ ዘነበች ወሬውን ለሽማግሌዎቹ ሲያደርሱ አቶ ሙላት "ታዲያ ያ ይቅርታችን ለምን ነበር?" አሉ ይባላል።

ቀጥሎ ያው ሐኪም ለአቶ ደምሰው አንድ ጥያቄ አቀረበላቸው። ለምርምር የሚሆን ትንሽ ቆዳ ይሰጣሉ? ሰጡ፤ ከክንዳቸው፣ የምስር ፍሬ የሚያክል። ቆዳው የሄደው እኔ ጠርሙስ ከማጥብበት ቤት ኖሯል። እነ ኡርሱላ የቆዳውን ሴል ወደ ጨቅላነቱ ይመልሱታል፣ ከዚያ እንደ አዲስ አሳድገው የአንጎል ሴል ያደርጉታል። እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ እኔ ያጠብኩት ጠርሙስ አለበት፣ ይህን ብቻ ነው የማውቀው።

ይህንን ለአቶ ደምሰው ሳወራላቸው በዚያ ግድግዳ ፊታቸው አዩኝና "ብርቄ፣ ከክንዴ ይህን ያህል አንጎል ከወጣ፣ በጭንቅላቴ ምን ስሠራ ኖርኩ?" አሉኝ።

ሴሎቹ የሚያድጉበት ሳህን ላይ ስም አይጻፍም፣ ምልክት ብቻ ነው። የማን እንደሆነ መታወቅ የለበትም። ነገር ግን አቶ ደምሰው ዱላቸውን ይዘው በር ድረስ እየመጡ "የኔዎቹ እንዴት ዋሉ?" ስለሚሉ፣ ምስጢሩን ሳይሰማ የቀረው ፕሮፌሰሩ ብቻ ነበር። ማዳም ኮሌት እንኳ በማጠቢያው መስኮት ብቅ ብላ "ደህና ናቸው!" ትላቸው ጀመር።

ቆይቶ ኡርሱላ ዙሪክ የራሷ ላቦራቶሪ ተሰጣት፤ ኦርሊኮን፣ ድሮ የማሽን ፋብሪካ በነበረ ሕንፃ። ሴሎቹን በባቡር ወሰደቻቸው፣ ሙቀቱ የሰው ገላ በሚያህል ሳጥን፣ ጭኗ ላይ አስቀምጣ። ቲኬት ቆራጩ "ምንድን ነው?" ሲላት "የሰው አንጎል ሴል ነው" አለችው። "መተላለፊያው ላይ እንዳታስቀምጪው" ብሏት አለፈ።

እኔም ተከተልኩ። የልጄ ቤት ከላቦራቶሪው ትራም አያስፈልገውም ነበር፤ ኡርሱላም "ጠርሙስሽን ለምጃለሁ" አለችኝ። አዲሱ አለቃዬ ሄር ሩዲ፣ በኛ አቶ እንደማለት፣ የሚባል ዝምተኛ ሰው ነበር። ጄኔቫ ጠርሙስ ተደፍቶ ይደርቃል። ሄር ሩዲ ዘንድም ተደፍቶ ይደርቃል፣ ግን ሁሉም ጽሑፉን ወደ መስኮቱ አዙሮ። ለምን ብዬ ብጠይቀው ጥያቄው ራሱ አልገባውም።

እንግዲህ እኛ ዘንድ የታመመ ሳይጠየቅ አይቀርም። እትዬ ዘነበች በስልክ ጀመሩኝ። "እዚህ ያለውን ወንድሜን በየቀኑ አየዋለሁ። ዙሪክ ያለውን ማን ይጠይቀዋል?"

"እኔ አለሁ እኮ፣ እትዬ።"

"አንቺ ሠራተኛ ነሽ። ጠያቂ ሌላ ነው።"

ኡርሱላን ስለምናት ሳቀችና ፈቀደች። አንድ ቅዳሜ ከጄኔቫ ባቡር ወረዱ፦ እትዬ ዘነበች፣ አቶ ሙላት፣ ሐጂ ከድር፣ ራሳቸው አቶ ደምሰውም። አዎ፣ ራሳቸውን ሊጠይቁ መጡ። እትዬ ዘነበች ብርቱካን ይዘዋል። ሄር ሩዲ ምግብ አይገባም ብሎ ብርቱካኑን በር ላይ ተቀበላቸውና፣ ቅዳሜውን ሙሉ እንደ ተጠርጣሪ ዕቃ ሲጠብቀው ዋለ።

ነጭ ጋዋን ለበሱ፣ ጫማቸው ላይ ሰማያዊ ላስቲክ አጠለቁ። ኡርሱላ ሴሎቹ የሚኖሩበትን የማሞቂያ ሳጥን በር ከፍታ ሳህኖቹን አሳየቻቸው፤ ስስ ቀይ ውሃ ያለባቸው ትንንሽ ሳህኖች። ከዚያ በማይክሮስኮፑ የሚታየውን በስክሪን አበራችላቸው። የዛፍ ሥር የመሰሉ ረጃጅም ክሮች፣ በውስጣቸው አረንጓዴ ፍንጣቂዎች ይሄዳሉ። "ማይቶኮንድሪያው እሱ ነው" አለች። አንዳንዱ ይሄዳል፣ አንዳንዱ ተሰባብሮ ቆሟል።

"ደምሰው" አሉ አቶ ሙላት ባለ በሌለ ድምፃቸው፣ "ከፊትህ ይልቅ ይሄ ይንቀሳቀሳል!"

ከዚያ እንደ ደንቡ አንድ በአንድ ወደ ማሞቂያው ጠጋ አሉ። እትዬ ዘነበች ጎንበስ ብለው ለሳህኑ "እግዜር ይማርህ" አሉት። "አሜን" አሉ አቶ ደምሰው ከኋላ። አቶ ሙላት "እግዜር ይማርህ" አሉ። "አሜን።" ሐጂ ከድር "አላህ ያሽርህ" አሉ። "አሜን።" የማሞቂያው በር ብዙ መከፈት የለበትም፤ ኡርሱላ ግን አሜኑ እስኪያልቅ በሩን ይዛ ጠበቀች።

እስከዚህ ድረስ ያማረ ጥየቃ ነበር።

ኡርሱላ ደስ ብሏት ሥራዋን ማስረዳት ቀጠለች። ለተባይ ማጥፊያ ይሆን የነበረ አንድ መርዝ አለ አለች፤ ማይቶኮንድሪያውን ነጥሎ የሚመታ። እሱን በትንሹ ይሰጧቸዋል፤ የትኛው ሴል ቀድሞ እንደሚደክም ያያሉ፤ ከዚያ የሚያድን ነገር ካለ ይሞክሩበታል። ሐጂ ከድር ፈረንሳይኛ ለማያውቁት ለእትዬ ዘነበች ያስተረጉሙ ነበር። እሳቸው ነገር ማስረዘም አይወዱም።

"ምን አለች?" አሉ እትዬ ዘነበች።

"መርዝ ያጠጧቸዋል።"

እትዬ ዘነበች ወንድማቸውን አዩ፣ ማሞቂያውን አዩ። "ለዚህ ነዋ ክረምቱን የባሰበት!" ብለው ጮኹ። "እዚህ ሲመርዙት እዚያ ይንቀጠቀጣል! እኔ በሻይ በማር ሳስታምም፣ እነሱ በዚህ በኩል!"

"ዘነቡ፣ እንደሱ አይደለም" አሉ አቶ ደምሰው።

"አንተ ዝም በል! የሚያናግርህ መርዙ ነው!"

ኡርሱላ "ቆዩ፣ ቆዩ፣ አልጨረስኩም" ትላለች፤ የሚሰማት የለም። እትዬ ዘነበች ጋዋኑን አውልቀው ወጡ። በር ላይ ሄር ሩዲ ዘንድ ደረሱና ብርቱካናቸውን መልሰው ወሰዱ።

ችግሩ ከዚህ በኋላ መጣ። ላቦራቶሪው ካንቶን፣ በኛ ክልል እንደማለት፣ ስለቀየረ ቆዳ የሰጠው ሰው ሁሉ ፈቃዱን እንደገና ማጽናት ነበረበት። እትዬ ዘነበች ወንድሜ እምቢ ይላል አሉ። ያሳደጓቸው እሳቸው ናቸው፣ እናታቸው ስትሞት አቶ ደምሰው ጡት ያልጣሉ ልጅ ነበሩ፤ እህታቸውን አስከፍተው ምንም አድርገው አያውቁም። ኡርሱላ ደግሞ እንቅልፍ አጣች። የአቶ ደምሰው ሴሎች ያ ከረጢት የማያለብሰው ዓይነት ናቸው፤ እንደነሱ ያለ ሌላ አልነበራትም።

እትዬ ዘነበች በስልክ "እምቢ ካለ ይመልሱልኛል። ሰው ሙሉ አካሉን ይዞ ነው የሚቀበረው" አሉኝ።

"አይመለስም፣ እትዬ። እምቢ ከተባለ ይወገዳል።"

"እንዴት ነው የሚወገደው?"

"ኦቶክላቭ ይገባል። ይቀቀላል።"

"ማነው ቀቃዩ?"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩት።

"ብርቄ፣ ማነው?"

"እኔ ነኝ፣ እትዬ።"

ስልኩን ዘጉብኝ። እኔም ያን ሳምንት ድስቱን በከፈትኩት ቁጥር አቶ ደምሰው "የኔዎቹ እንዴት ዋሉ?" ሲሉኝ ይሰማኝ ነበር። ጠርሙስ ሰበርኩ። ሄር ሩዲ ስብርባሪውን ጠርጎ ሻይ አመጣልኝ።

ፈቃድ የሚያጸናው መሥሪያ ቤት ቀጠሮ ሰጠ። ሠራተኛዋ ፍራው ብሩነር፣ በኛ ወይዘሮ እንደማለት፣ የምትባል፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የምትሰቅል ሴት ናት። ፈረንሳይኛ ትችላለች። ቤተሰብ ይግባ ስትል አቶ ደምሰውና እትዬ ዘነበች ገቡ፣ ሽማግሌዎቹም ገቡ፣ እኔም ገባሁ። ወንበር አልበቃንም። ኡርሱላን "ተመራማሪዋ እስክትጠየቅ ዝም ትበል፣ መስማት የምፈልገው የሰውየውን ፈቃድ ነው" አለቻት። ሕጉ እንደሱ ነው።

"ሴሎችዎ እዚህ እንዲቆዩ በገዛ ፈቃድዎ ተስማምተዋል?"

"ተስማምቻለሁ" አሉ አቶ ደምሰው፣ እህታቸው በማያውቁት ፈረንሳይኛ።

"ደስ ብሎዎት?"

"በጣም ደስ ብሎኝ።"

ፍራው ብሩነር መነጽሯን አወረደችና ፊታቸውን አየች። ከዚያ ከኋላቸው የቆሙትን ሽማግሌዎች አየች። መልሳ ፊታቸውን አየች። "አስገድዶ ያመጣዎት ሰው ካለ እዚህ መናገር ይችላሉ" አለች ቀስ ብላ።

"የለም።"

"የፈሩት ሰው አለ?"

"የለም። በጣም ደስተኛ ነኝ።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ማመን አልቻለችም። እኛስ መቼ አመንን?

አቶ ሙላት አልቻሉም። "ፍራው፣ ይሄ የደስታ ፊቱ ነው!" ብለው ጮኹ።

"ሲያዝኑስ?"

"ያም ይኸው ነው!"

"ታዲያ እኔ በምን ልለይ?"

አቶ ደምሰው ያን ጊዜ ወደ እህታቸው ዞሩ፤ መዞር ራሱ ጊዜ ወሰደባቸው። በአማርኛ ነበር የተናገሩት። ድምፃቸውም እንደ ፊታቸው ወደ አንድ ወጥነት እየሄደ ነበር፣ ዝግ ያለ።

"ዘነቡ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስብሰባ አድርሼ መኪና ውስጥ ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ስለ ረኃብ ይነጋገራሉ፣ ስለ ጦርነት ይነጋገራሉ፣ እኔ ሞተር አጥፍቼ መስታወት እወለውላለሁ። አሁን ለመጀመሪያ ጊዜ እኔም ወደ ውስጥ ገብቻለሁ። ውጪ መኪና ውስጥ መልሰሽ አታስቀምጪኝ።"

እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። "መግባቱንስ ግባ" አሉ። "መርዙን ግን አልችለውም። ልጅ አድርጌ አሳድጌህ በአገር ፊት ሲመርዙህ እሺ ልበል?"

ሐጂ ከድር የሚጠብቁት ይህን ነበር። ሽማግሌ ናቸውና ሁለቱ ወገን የደከመበትን ሰዓት ያውቃሉ። ቆባቸውን አስተካክለው በፈረንሳይኛ ለፍራው ብሩነር "እኛ እንዲህ እንፈርዳለን" አሉ። "እህት መርዙ ሙሉ በሙሉ ይቅር ትላለች። ላቦራቶሪው መስጠት አለብኝ ይላል። ግማሹን ይስጡ። ግማሹ ሳይነካ፣ በሰላም ይቀመጥ።"

ፍራው ብሩነር ወደ ኡርሱላ ዞረች። "አሁን መናገር ትችያለሽ። ይቻላል?"

ኡርሱላ ከመጣች ጀምሮ አምቃ የያዘችው ሁሉ አንድ ላይ ወጣ። "ግማሹን እኮ ሁልጊዜም አንሰጠውም! ያልተሰጠው ከሌለ መርዙ ምን እንዳደረገ በምን እናውቃለን? አሠራሩ ነው፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲሁ ነው፣ ሌላ መንገድ የለም!"

ያን ጊዜ ነው ቀይ ቴፕና ነጭ ቴፕ ትዝ ያለኝ። ሳህኖቹ ሁልጊዜ በሁለት ረድፍ ይቆማሉ፤ በአንዱ ረድፍ ቀይ፣ በአንዱ ነጭ። እኔ ቴፑን ለማስዋቢያ ነበር የመሰለኝ።

"ምን አለች?" አሉ እትዬ ዘነበች።

ሐጂ ከድር ነገር ማስረዘም እንደማይወዱ ነግሬያችኋለሁ። "ተስማምታለች" አሉ።

"ግማሹን ትተዋለች?"

"ትተዋለች።"

"በግድ ነው የተስማማችው?"

ሐጂ ኡርሱላን አዩ። እጇን ታወናጭፋለች፣ ፊቷ ቀልቷል። "ይኸው ታያለሽ፣ ተቆጥታለች" አሉ። "ግን ተስማምታለች።"

እትዬ ዘነበች ኡርሱላን በእዝነት አዩዋት። የተሸነፈ ሰው ማሳዘኑ አይቀርም። ተነሥተው ጉንጯን ሳሟት፣ በዚህም በዚያም። ኡርሱላ ለምን እንደምትሳም አልገባትም።

አቶ ደምሰው ግን ፈረንሳይኛ ከሁላችንም በላይ ያውቃሉ። ኡርሱላ ያለችውን ቃል በቃል ሰምተዋል፤ ሐጂ የተዉትንም ሰምተዋል። ሁላችንም፣ አንዲት ቃል እንዳታመልጣቸው ፈርተን፣ አየናቸው። እትዬ ዘነበችም አዩዋቸው። ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም። እኔ ብቻ፣ ጎናቸው ስለቆምኩ፣ ሆዳቸው በሳቅ ሲናጥ አየሁት።

"እህትዎ ፈቅደዋል፤ እርስዎ አሁን ምን ይሰማዎታል?" አለች ፍራው ብሩነር።

"ደስ ብሎኛል" አሉ።

መዘገበች። ሴሎቹ ድስት ሳይገቡ ቀሩ።

ሽማግሌዎቹ ጄኔቫ ተመልሰው የዙሪክን ላቦራቶሪ እንዴት በግማሽ እንዳስማሙት በሁለቱም ካፌ አወሩ። እትዬ ዘነበች ሲደውሉ አሁንም መጀመሪያ የሚጠይቁኝ "ያ ግማሹ ደህና ነው?" ብለው ነው። ደህና ነው እላቸዋለሁ፤ አልዋሸሁም፤ መርዝ አልነካውም። መድኃኒቱ አልተገኘም። አቶ ደምሰው አሁን የሚሄዱት ተደግፈው ነው፣ ድምፃቸውም ለመስማት ጠጋ ማለት ይፈልጋል። እኔም ጡረታ ወጣሁ፤ የመጨረሻውን ጠርሙስ ጽሑፉን ወደ መስኮቱ አዙሬ ትቼው መጣሁ።

ለምትቀጠሩት ልጆች የምነግራችሁ አንድ ነው። የታመመ ሰው ቤተሰብ ሥራችሁን ሊያይ ሲመጣ፣ መጀመሪያ የማትነኩትን ግማሽ አሳዩት። መርዙን ቀጥላችሁ ታወሩለታላችሁ።